ያረጀ ውሻ መነሳት ሲያቅተው፦ ችግርና መፍትሄ ከድሬዳዋ

ውሻችሁ 7 ወይም 8 ዓመት አልፎታል እንበል። የእብድ ውሻ ክትባቱን፣ የትል መድኃኒቱንና ንጹሕ ውሃውን ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም። እዚህ የምጽፈው በእንስሳት ጤና ረዳትነት ከግቢ ግቢ ስዞር ያየሁትን ነው።

ምልክት፦ ጠዋት መነሳት ያቅተዋል፤ ትንሽ ሲራመድ ይፍታታል

ከሁሉ በላይ የምጠራው ለዚህ ነው። "አርጅቷል፣ ምን ይደረጋል" ይሉኛል። አይደለም፤ እያመመው ነው። ቁርጥማት ይዞታል። አጥንትና አጥንት እንዳይፋጩ የሚከላከለው ልስልስ ሽፋን ሳስቷል። ውሻ ደግሞ ይህን ሕመም ጮሆ አይናገርም። ደረጃ ይፈራል፣ አንጓውን ይልሳል፣ ወገቡን ሲነኩት ያጉረመርማል።

የሳሳው አይመለስም። የሚያባብሰውን ማስወገድ ግን በእጃችሁ ነው።

መጀመሪያ ጥፍሩን እዩ። ቀጥ ብሎ ሲቆም ጥፍሩ ሲሚንቶውን መንካት የለበትም። ሲራመድ ቀጭ ቀጭ ካለ ረዝሟል። ታስሮ የሚውል ውሻ ጥፍሩ አይበላለትም። ከዚራ ሰፈር አንድ ግቢ ዘበኛው ጠራኝ። ውሻው 11 ዓመቱ ነው። ባለቤቶቹ "ሽባ ሆኗል፣ ይገላገል" ብለው ወስነዋል። የፊት እግሩን አንስቼ ሳይ የጎን ጥፍሩ ተጠምዝዞ ሥጋው ውስጥ ገብቷል፤ መግል ቋጥሯል። ሌላኛውም እግር እንደዚያው። ቆረጥን፣ አጠብን፣ ሐኪም አንቲባዮቲክ አዘዘለት። በሳምንቱ ስመለስ በር ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። ስንት ወር እንዲያ እንደቆመ ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

ስትቆርጡ ጫፍ ጫፉን ብቻ፤ ውስጡ ደም ሥር አለ። በፒንሳ አትሞክሩ፣ ጥፍሩን ይሰነጥቀዋል። ገበያ ላይ ያለው ርካሽ መቁረጫም ሁለት ሦስቴ ሠርቶ ይደንዛል። የደነዘ መቁረጫ ጥፍር ይጨፈልቃል። ገንዘባችሁን አታባክኑበት።

ከዚያ መኝታው። ባዶ ሲሚንቶ ላይ አይተኛ። አሮጌ ፍራሽ ወይም ጭድ የተሞላ ጆንያ ይበቃል። ቆርቆሮ የለበሰ የውሻ ቤት በድሬ ፀሐይ ምድጃ ነው፤ ዛፍ ጥላ ሥር አድርጉት።

የጎን አጥንቱን በእጃችሁ ዳስሱ። ካላገኛችሁት ወፍሯል፤ ጮማውንና ትርፍራፊ እንጀራውን ቀንሱ። ሽንኩርት ያለበት ወጥ ጭራሽ ይቅር። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል።

ሰንሰለቱንም ፍቱት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ 15 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይራመድ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይሻላል፤ ሳምንቱን ታስሮ ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት ያህል የሚጎተት ውሻ እሑድ አይነሳም። ደቻቱ ወንዝ ዳር ጠቅጠቅ ያለው አሸዋ ለእግሩ ጥሩ ነው። ደጋው ላይ ደመና ካለ ግን አትግቡ። የ1998ቱን ጎርፍ ለድሬ ሰው አልነግርም።

አሁን ደግሞ በደንብ ስሙኝ። የሰው ማስታገሻ አትስጡት። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ማናቸውንም። ጨጓራውን ያቆስላል፣ ኩላሊቱን ይገድላል። ፓራሲታሞልም ጉበቱን ይጎዳል። ሳቢያን ሰፈር አንዲት እናት "የእኔን ጉልበት ካሻለኝ ለእሱም" ብለው ከራሳቸው ዲክሎፌናክ ለሦስት ቀን ሰጡት። ስደርስ እንደ ቡና አተላ ያለ ጥቁር ነገር ያስመልሳል። አልተረፈም። እናትየው በፍቅር ነው ያደረጉት፤ ሲያለቅሱ ምን እንደምላቸው ጠፋኝ። አቦ፣ እባካችሁ! ለውሻ የተሠራ ማስታገሻ አለ። ሐኪሙ መዝኖት ይዘዝለት። ለጎረቤት ውሻ ታዝዞ የተረፈውን እንኳ አትስጡት።

ሌሎቹ ባጭሩ

ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፣ አብዝቶ ይሸናል፦ ኩላሊት ወይም ስኳር ሊሆን ይችላል፤ ምርመራ ያስፈልጋል። ያልተመከነች ሴት ከሆነችና ወንድ ከፈለገች ሳምንታት ካለፉ ማህፀኗ መግል ቋጥሮ ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ውሰዷት።

ድዱ ነጥቷል፣ አፍንጫው ይደማል፦ የመዥገር በሽታን ጠርጥሩ። ሐኪም ጋ። ለመዥገር ብላችሁ ውሻውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት የምትቀቡ ሰዎች፣ ተዉ! ቆዳውን ያቃጥላል፣ ሲልሰው ይመርዘዋል።

ዓይኑ ሰማያዊ ጉም ለብሷል፦ ከዕቃ ጋር ካልተጋጨ አብዛኛውን ጊዜ የዕድሜ ነው። ነጭ ሆኖ ከተጋጨ ሞራ ሊሆን ይችላል።

አፉ ይሸታል፣ በአንድ ጎን ያኝካል፦ ጥርሱ ነው። የተቀቀለ አጥንት ይቁም፤ ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል።

ሁለቱ የኋላ እግሮቹ በድንገት ከዱት፦ አብዛኛውን ጊዜ አከርካሪው ነው። በጣውላ ተሸክማችሁ ዛሬውኑ ውሰዱት።

ቀን ላይ ማለክለኩን አያቆምም፣ ይንገዳገዳል፦ ሙቀት መትቶታል። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ በረዶ ያልሆነ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት፣ ከዚያ ባጃጅ ጥሩ። ውሃው ሳይፈስበት ባጃጅ አትጠብቁ።