ጓደኛ በራሱ ላይ ሲቀልድ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ቡና እየጠጣን መብራት ጠፋ። ሁላችንም ስልክ ፍለጋ ስንደናበር ዓይነ ስውሩ ጓደኛችን «እንኳን ወደ ሰፈሬ በሰላም መጣችሁ!» አለና ሲኒውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

ካሳቀህ ሳቅ፣ በቃ። «ኧረ እንዲህ አትበል» ማለትና ከንፈር መምጠጥ ጨዋታውን ይገድለዋል። ቀልዱን ያመጣው ሰው ጭራሽ አንተን ማጽናናት ይጀምራል።

ሌላውን ስህተት የሠራሁት እኔው ነኝ። በማግስቱ ሚኒባስ ውስጥ ያንኑ ቀልድ ጮክ ብዬ ደገምኩት። ረዳቱ ሳቀ፤ ጓደኛችን ግን ዝም አለ። ስንወርድ ክንዴን ይዞ «እኔ ስለው ጨዋታ ነው። በማያውቁኝ ሰዎች ፊት አንተ ስትለው ግን መሳቂያ አደረግከኝ» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት። ማብራሪያ አላበዛሁም፤ ባበዛ ኖሮ አሁንም አጽናኙ እሱ ይሆን ነበር።

አንዳንዴ ደግሞ ቀልዱ መራራ ይሆናል። በተለይ ስለ ሥራ ሲሆን (በአካል ጉዳተኞች ቅጥር አድልዎን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 568/2000 እያለም በሩ ይዘጋበታል)። ድምፁ ወረድ ካለ፣ ሰው ሲበተን ጠጋ ብለህ «ዛሬ ምን ገጠመህ?» በለው። ካልፈለገ ወሬ ቀይር።