ፊት ጨልሞ ሰማዩ ለሚነጣባችሁ

ፎቶ ስታነሱ ፊቱ ጨልሞ ከጀርባ ሰማዩ ነጭ የሚሆንባችሁ ከሆነ ዝም ብላችሁ ብራይትነስ አትጨምሩ፣ ሰማዩ ጭራሽ ይጠፋል። ስናፕሲድ የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ አፕ ላይ ሴሌክቲቭ የሚለውን ክፈቱና ፊቱን አንዴ ነካ አድርጉት፣ ከዛ በሁለት ጣት ጠበብ ሰፋ እያደረጋችሁ ቦታውን ወስኑ (ቀይ የሚሆነው ነው የሚቀየረው)፣ ወደ ላይና ወደ ታች ስትስቡ ብራይትነስ (ብርሃን)፣ ኮንትራስት (የጨለማና የብርሃን ልዩነት)፣ ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) እያለ ያስመርጣችኋል፣ ወደ ጎን ስትስቡ ደግሞ መጠኑ ይጨምራል ወይ ይቀንሳል፣ በቃ።

ከርቭ ምናምን የሚሉት ሌላው ማስተካከያ ለጊዜው ይቆይ። እኔ ላይትሩም የሚባለውን ሌላ አፕ ከፍቼ ያ ሁሉ ስላይደር ሲያዞረኝ ነው የከረመው፣ አሁን ብዙውን ፎቶ በዚችው በሴሌክቲቭ ነው የምጨርሰው፣ ቤት ውስጥ ቢጫ መብራት ስር የተነሳ ከሆነ ብቻ ዋይት ባላንስ የሚለውንም (ቢጫነቱን የሚያስተካክለውን) እጠቀማለሁ። ደግሞ አበዛሁት ካላችሁ ከዜሮ አትጀምሩ፣ ቪው ኤዲትስ ውስጥ ገብታችሁ ያቺን ስቴፕ ብቻ ማስተካከል ወይ መሰረዝ ትችላላችሁ፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም።

እና ፎቶውን በቴሌግራም የምትቀበሉ ከሆነ እንደ ፋይል ይላክላችሁ፣ ኮምፕረስ ሆኖ (ተጨምቆ ጥራቱ ቀንሶ) የመጣ ፎቶ ትንሽ ስታበሩት ጥላው ሁሉ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ይሆናል።