ከኡቡንቱ በኩል አልጻፍ ያለው የጋራ ድራይቭ

ዊንዶውስ 10 እና ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት) አንድ ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን ተጭነዋል። ሁለቱም እንዲጠቀሙበት በኤንቲኤፍኤስ (በዊንዶውስ የፋይል ሲስተም) የተዘጋጀ አንድ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) አለ። ችግሩ ይኸውላችሁ፦ በኡቡንቱ ስገባ ፋይሎቹ ይታያሉ፣ ይከፈታሉም። ሴቭ ልበል ስል ግን "ሪድ ኦንሊ" (ማንበብ ብቻ) ይላል፣ በቃ።

በቻሞድና በቻውን (የፋይል ፈቃድና ባለቤት መቀየሪያ ትእዛዞች) ፈቃዱን ለመቀየር ሞከርኩ፣ ወይ ፍንክች። ኤንቲኤፍኤስፊክስ የሚባለው የድራይቭ መጠገኛ ለጊዜው ሠራ። ዊንዶውስን ከፍቼ ዘግቼ ስመለስ ግን ያው በያው ሆነ። ደግሞም ይህን መሣሪያ አትደጋግሙት፤ የፋይል ሲስተሙን ጆርናል (የለውጦች መዝገብ) ስለሚያጸዳ ዊንዶውስ ገና ጽፎ ያልጨረሰው ነገር ሊጠፋ ይችላል።

ፍንጩ የተገኘው ድራይቩን ከተርሚናል በእጅ ማውንት ሳደርግ (ከሲስተሙ ጋር ሳያይዝ) ነው። መልእክቱ ዊንዶውስን ሙሉ በሙሉ ዝጉት፣ ሃይበርኔሽንም (ሥራን ዲስክ ላይ አስቀምጦ መተኛት) ፈጣን አነሳስም አይኑር ይላል። ለካ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ያለው ፋስት ስታርትአፕ፣ ሻት ዳውን ብትሉም ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ዲስክ ላይ አስቀምጦ ስለሚተኛ ድራይቩን በደንብ ሳይለቀው ይቀራል፤ ሊኑክስም ፋይል እንዳይበላሽ ብሎ መጻፍ ይከለክላል፣ ልክ ነው ደግሞ።

መፍትሔው ዊንዶውስ ውስጥ ነው። ኮንትሮል ፓነል፣ ከዚያ ፓወር ኦፕሽንስ ግቡ። በስተግራ የፓወር በተኖችን ሥራ የሚመርጠውን ሊንክ ክፈቱ። የፋስት ስታርትአፕ ሳጥኑ ደብዝዞ አልነካ ካላችሁ አትደናገጡ፤ ከላይ "ቼንጅ ሴቲንግስ" የሚለውን መጀመሪያ ንኩት። ከፋስት ስታርትአፕ ላይ ምልክቱን አንስታችሁ ሴቭ አድርጉ፣ ከዚያ ሻት ዳውን። ሃይበርኔትንም አትጠቀሙ። ዊንዶውስ ሲነሳ ትንሽ ይዘገያል፣ ድራይቩ ግን ከሁለቱም በኩል ይጻፋል።