ጎንደር ላይ ውሃ በ93 ዲግሪ ይፈላል፦ በሥጋ ቴርሞሜትር የምንሠራቸው ስህተቶች

ከውጭ የመጣ ዘመድ የሥጋ ቴርሞሜትር፣ ማለትም ሥጋ ውስጥ ወግተን የውስጡን ሙቀት የምናነብበት ባለ ሹል ብረት መለኪያ፣ ያመጣል። ሁለት ቀን እንገረምበታለን፣ ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ይረሳል። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ጣጣው አያያዙ ላይ ነው።

በፈላ ውሃ ሞክሮ "ተበላሽቷል" ማለት

ይሄኛው የእኛ የደጋ ሰዎች ስህተት ነው። አብሮት የሚመጣው ወረቀት "የፈላ ውሃ ውስጥ 100 ዲግሪ ማሳየት አለበት" ይላል። ያ የባሕር ዳርቻ ሂሳብ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። እዚህ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ውሃ የሚፈላው በ93 ገደማ ነው። ስለዚህ መለኪያዎ 93 ቢል ጤነኛ ነው፣ አይጣሉት። 100 ካለ ግን ይጠርጥሩት፤ እየጨመረ ነው፣ ያልበሰለውን "በስሏል" ይልዎታል።

የሚሻለው ፈተና በረዶ ነው። ብርጭቆ በተሰባበረ በረዶ ይሙሉ፣ ትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምረው ያማስሉ። ጫፉን ብርጭቆውን ሳያስነኩ መሐል ላይ ይያዙት። 0 ማለት አለበት። ከፍታ ይህን አይቀይረውም።

የትኩሳት መለኪያውን መጠቀም

አይሳቁ፤ "መለኪያ መለኪያ ነው" የሚል አይጠፋም። የሰው መለኪያ 42 ዲግሪ አካባቢ ያበቃል። አሮጌው የመስታወት ዓይነት ደግሞ ሜርኩሪ አለበት፤ ድስት ውስጥ ቢሰበር ወጡ ተደፋ ማለት ነው።

ሥጋውን ትቶ መረቁን መለካት

ዶሮ ወጥ ላይ ቀለም አይፈርድም፤ በርበሬው ሁሉንም አቅልቶታል። ዶሮ ውስጡ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። ብዙዎቻችን ግን ብረቱን ድስቱ ውስጥ ነክረን እናነባለን። መረቁ እየተንተከተከ የብልቱ ውስጥ ገና ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ከፍሪጅ በቀጥታ ከገባ።

ወፍራሙን የጭን ብልት በጭልፋ አውጥተው ሳህን ላይ ያድርጉ። ጫፉን በጎን በኩል እስከ መሐሉ ያስገቡ። አጥንት ከነካ መለስ ያድርጉት፤ አጥንት አጠገብ የሚነበበው ቁጥር ያሳስታል። ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠብቁ፣ ከዚያ ሌላም ብልት ይሞክሩ። 12ቱም እኩል አይበስሉም። እውነቱን ለመናገር፣ ሳይቸኩሉ የሠሩት ዶሮ ወጥ ይህን ቁጥር አልፎ ይሄዳል። መለኪያው የሚያስፈልገው እንግዳ በር ላይ ቆሞ ሲያጣድፍዎ ነው።

እንደ ሰዓት ቀስት ያለው ዓይነት ከጫፉ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ድረስ መግባት አለበት፣ አለዚያ በትክክል አይለካም። ለጥብስ ቁርጥራጭ አይሆንም። ለዚያ ቀጭኑ ዲጂታል ይሻላል።

ለሁሉም ሥጋ አንድ ቁጥር መያዝ

ሙዳ የበሬ ወይም የበግ ሥጋ 63 ደርሶ 3 ደቂቃ ካረፈ ይበቃዋል። ለምንቸት አብሽ የተፈጨው ግን 71 ይፈልጋል፤ ላይ ላዩን የነበረው ጀርም ሲፈጭ ውስጥ ይገባል። የክትፎ ወዳጆች አይቆጡኝ እንጂ ለብ ለብ እዚያ ቁጥር አጠገብ አይደርስም። ኮሶም የሚይዘን በጥሬና በደንብ ባልበሰለ የበሬ ሥጋ ነው።

ብረቱን ሳያጥቡ ደግሞ መውጋት

ጥሬውን የነካ ጫፍ የበሰለውን መንካት የለበትም። በለኩ ቁጥር በሙቅ ውሃና በሳሙና ይጠቡት። ያደረ ወጥ ሲያሞቁም እንደገና 74 ይድረስ፤ ዳር ዳሩ ቶሎ ስለሚግል መጀመሪያ ያማስሉት፣ ከዚያ መሐሉን ይለኩ።