ሶም ታም ሆድ ሲረብሽ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ሶም ታም የታይላንድ የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ ነው፤ በተለይ የሰሜን ምሥራቁ የኢሳን ሰዎች ከላኦስ ጎረቤቶቻቸው ጋር የሚጋሩት። በልቶት ሆዱ የታወከ ሰው ሁሉ ጥፋቱን ቃሪያው ላይ ያላክካል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው ነጭ ሽንኩርቱ፣ ጥሬው ፎሶሊያ ወይም ያልፈላው የተብላላ ዓሳ ነው። ለመለየት መጀመሪያ ሰዓት ይታይ፤ ሕመሙ በደቂቃዎች ውስጥ ከመጣ ቃሪያውን ወይም ሎሚውን ጠርጥሩ፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ከመጣ ነጭ ሽንኩርቱንና ፎሶሊያውን፤ ትኩሳት ይዞ ከመጣ ወይም በማግስቱ ከጀመረ ደግሞ ንጽሕናውን።

አፍ፣ ጨጓራ፣ በማግስቱም መጸዳጃ ቤት ውስጥ የሚያቃጥል

ማቃጠሉን የሚያመጣው ካፕሳይሲን ነው። በብዛት የሚገኘው ፍሬዎቹ በተጣበቁበት ነጭ ሥጋ ላይ ነው፤ ፍሬው ራሱ የሚያቃጥለው ከዚያ ስለሚነካካ ነው። ስለዚህ ፍሬውን ብቻ አራግፎ ነጩን መተው ትርፉ ድካም ነው። ለሁለት ሰው አንድ ትንሽ ቃሪያ ለሁለት ሰንጥቁ፣ ነጩን በቢላ ጫፍ ፋቁ፣ ሙቀጫ ውስጥ አንዴ ብቻ መታ አድርጋችሁ መዓዛውን ከሰጠ በኋላ አውጡት። የተወቀጠ ቃሪያ ተመልሶ አይወጣም።

ሚጥሚጣ የለመድን ሰዎች እዚህ ላይ ራሳችንን እንሸነግላለን። ካፕሳይሲን በስብ እንጂ በውኃ አይሟሟም። ክትፎ ላይ ሚጥሚጣው ከቅቤ ጋር ነው የሚገባው፤ ሶም ታም ላይ ቃሪያው የሚመጣው ቅባት በሌለው የሎሚ ጭማቂ ውስጥ ነው። ውኃ መጠጣትም አያጥበውም፤ ወተት ወይም እርጎ ይሻላል።

ምግብ ቤት ስታዙ «ማይ ፔት» (አያቃጥል) ማለት አይበቃም፤ በታይ ልክ «የማያቃጥል» አንድ ሁለት ቃሪያ ሊኖረው ይችላል። «ማይ ሳይ ፕሪክ» በሉ፣ ቃሪያ አይግባበት ማለት ነው። ከመንገድ ዳር ሻጭ ከገዛችሁ ደግሞ «ላንግ ክሮክ»፣ ሙቀጫው ይታጠብ፣ ብላችሁ ጨምሩ፤ ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ቃሪያ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይጠብቃችኋልና።

ቃር

ሎሚ፣ ቲማቲምና ባዶ ሆድ ሲገናኙ ነው። ስኳር መጨመር ጣዕሙን ይሸፍነዋል እንጂ አሲዱን አይቀንሰውም። የሎሚውን ጭማቂ ከ2 የሾርባ ማንኪያ ወደ 1 አውርዱ፤ ቲማቲሙን ግማሽ አድርጉት። ለብቻው አትብሉት፤ እዚያም ቢሆን ከሚጣበቀው ሩዝና ከተጠበሰ ዶሮ ጋር ነው የሚቀርበው። ከበላችሁ በኋላ ከ2 እስከ 3 ሰዓት አትጋደሙ።

መነፋት፣ ጋዝና ቁርጠት፣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ

ነጭ ሽንኩርት ፍሩክታን የሚባል ስኳር አለው። ትንሹ አንጀት ሊፈጨው ስለማይችል ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ያብላሉትና ጋዝ ይሆናል። አንጀቱ ስሱ የሆነ ሰው በአንድ ፍንካች እንኳ ይነፋል። ደግነቱ ፍሩክታን የሚሟሟው በውኃ እንጂ በዘይት አይደለም፤ መዓዛው ግን ዘይት ውስጥ ይገባል። 3 ፍንካች ቀጫጭን ከትፋችሁ በ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ በዝቅተኛ እሳት፣ ፈዘዝ ያለ ወርቅማ እስኪሆን 5 ደቂቃ ያህል አሙቁ። አጥልሉና ሽንኩርቱን ጣሉ። ለሁለት ሰው 1 የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ሽንኩርቱን ዘይቱ ውስጥ እንዳለ ከፍሪጅ ውጪ ማስቀመጥ ግን አደገኛ ነው፤ ቦቱሊዝም የሚያመጣው ባክቴሪያ አየር በሌለበት እዚያ ይራባል። የተጠለለውም ቢሆን ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ በጥቂት ቀናትም ይለቅ።

እዚያ የሚገባው ፎሶሊያ መሰሉ ረጅም ባቄላ በጥሬው ነው የሚወቀጠው። በእሱ ፋንታ 60 ግራም ፎሶሊያ 2 ደቂቃ በፈላ ውኃ ቀቅሉና ተጠቀሙ። ከጎን የሚቀርበውን ጥሬ ጥቅል ጎመንም ተዉት፤ ሰው ሰላጣውን አሻሽሎ ጎመኑን እየቆረጠመ «አሁንም ነፋኝ» ሲል ይሰማል። ኪያር ይተካዋል።

ክብደት፣ ምግቡ ጨጓራ ላይ ቆሞ የቀረ መምሰል

ይህ የፓፓያው አቆራረጥ ነው። ታይላንድ ውስጥ ፓፓያውን በአንድ እጅ ይዘው ላዩን በረጅም ቢላ ደጋግመው ይመቱና የተተለተለውን ይልጡታል፤ ያልለመደ ሰው ሲሞክረው ግማሹ ክር የጣት ውፍረት ይወጣል፣ ሳይታኘክም ይዋጣል። በመፋቂያ 2 ሚሊ ሜትር ይሁን። ልጣጩ ጥቁር አረንጓዴ፣ ሲጫኑት የማይረግብ፣ ውስጡ ያሉ ፍሬዎችም ገና ነጭ የሆኑ ፓፓያ ምረጡ። ሲላጥ የሚያወጣው ነጭ ወተት ፓፔይን የሚባል ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም አለበት፤ ቆዳንም አፍንም ይቆጠቁጣል። የተከተፈውን 10 ደቂቃ በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፉ፣ ውኃውን አንዴ ቀይሩ።

ቀጥሎ 45 ሰከንድ በፈላ ውኃ፣ ወዲያው በበረዶ ውኃ። ከ1 ደቂቃ ካለፈ ሰላጣነቱ ይቀርና ቅቅል ይሆናል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጭመቁት። ሳይጨመቅ ከገባ ማጣፈጫው ይቀጥንና የዓሳ ሶስ ትጨምራላችሁ፤ ጨዉ ሲበዛ ደግሞ ሰውነት ውኃ ይይዛል፣ በማግስቱ ፊት አብጦ ይነሳል።

ነፍሰ ጡሮች ያልበሰለ ፓፓያ ይቅርባቸው። ለጎማ ጓንት አለርጂ ያለበት ሰውም እንዲሁ፤ ሰውነቱ ፓፓያውንም ሊቃወመው ይችላል። ለሁለቱም በካሮትና ፍሬው በወጣ ኪያር መሥራት ይቻላል።

ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ትኩሳት

እዚህ ላይ ማለሳለስ የሚባል ነገር የለም። የኢሳን ዓይነቱ ሶም ታም ፕላ ራ የሚባል የተብላላ የወንዝ ዓሳ ይገባበታል። በደንብ ያልተብላላ ጥሬ ዓሳ በአካባቢው የታወቀውን የጉበት ትል ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ትሉ ለዓመታት ከቆየ የሐሞት ቱቦ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ጥሬ የጨው ሸርጣንም ጥገኛ ትልና ባክቴሪያ ሊኖረው ይችላል። ሎሚ ይህን አያበስልም፣ ቃሪያም አይገድልም። ፕላ ራውን 10 ደቂቃ አፍሉና አጥልሉ፤ ምግብ ቤት ከሆነ «ፕላ ራ ቶም ሱክ» (የፈላ) ብላችሁ ጠይቁ። ሸርጣኑን ተዉት። ለሁለቱም የማያሰጋው ሶም ታም ታይ ነው፤ በዓሳ ሶስ፣ በደረቅ ሽሪምፕና በለውዝ የሚሠራው። ደም፣ ከፍተኛ ትኩሳት ወይም ከ2 ቀን ያለፈ ተቅማጥ ካለ ሐኪም ጋ ነው።

ለሁለት ሰው፣ ተስተካክሎ

200 ግራም የተጨመቀ ፓፓያ፣ 60 ግራም የተቀቀለ ፎሶሊያ፣ 4 ትናንሽ ቲማቲም፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የዘንባባ ስኳር፣ 2 የሻይ ማንኪያ የዓሳ ሶስ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የነጭ ሽንኩርት ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ሽሪምፕ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የተቆላ ለውዝ። ለውዙ ሲቀመስ ከመረረ ወይም ሻጋታ ከሸተተ ይጣል።

መጀመሪያ ስኳሩን በዓሳ ሶሱና በሎሚው አሟሙ፤ ፎሶሊያውንና ቲማቲሙን ገፋ ገፋ አድርጉ፤ ፓፓያው መጨረሻ ይግባ። በዘነዘናው ቀስ እየመታችሁ በሌላው እጅ በማንኪያ ገልብጡ። ከተፈጨ ውኃውን ይለቃል።

ሆድ ከተስማማው በኋላ የተቀነሰውን አንድ በአንድ መልሱ፤ አንዴ ግማሽ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ከቀናት በኋላ ጥሬ ፎሶሊያ፣ ከዚያ ቃሪያው። ሁለት ነገር በአንድ ቀን ከመለሳችሁ የትኛው እንደረበሸ አታውቁም።