የሜካኒካል ኪቦርድ ድምፅ ሲቀዱና ሲያስመስሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሲጽፉ የሜካኒካል ኪቦርድ ድምፅ የሚያሰሙ ፕሮግራሞች አሉ፤ ድምፁ ግን መጀመሪያ ከእውነተኛ ኪቦርድ መቀዳት አለበት። የሰማያዊ ቼሪ ኤምኤክስ ስዊች (በየቁልፉ ሥር ያለ፣ ሲጫን ጠቅ የሚል መሣሪያ) አንድ ምት ቀድተው ሞገዱን ስክሪን ላይ ቢያጎሉት የሚያዩት አንድ ድምፅ አይደለም። መጀመሪያ በስዊቹ ውስጥ ያለችው ተንሸራታች ቁራጭ ስትወረወር ቀጭን «ጠቅ» ትወጣለች። ከጥቂት ሚሊሰከንድ በኋላ ቁልፉ 4 ሚሊሜትሩን ጨርሶ ከታች ሲመታ ወፍራሙ ድምፅ ይከተላል። ጣት ሲነሳ ደግሞ ስፕሪንጉ ቁልፉን መልሶ ከላይኛው ሽፋን ጋር ያላትመዋል፤ በተለመደ አጻጻፍ ይህ የሚሆነው 100 ሚሊሰከንድ ገደማ ቆይቶ ነው። ብዙ ቀረጻ የሚበላሸው ይህን ሁሉ እንደ አንድ «ቀጭ» በመቁጠር ነው። የተቀሩት ጥፋቶች ከማይኩ ይጀምራሉ።

ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ድምፁን «እንዲያጸዳ» መተው

የስልክ መቅጃዎችና የስብሰባ ፕሮግራሞች የኪቦርድ ኮሽታን የሚያዩት እንደ ረብሻ ነው፤ የተሠሩትም እሱን አጥፍተው የሰው ንግግር ለማስቀረት ነው። በእነሱ የተቀዳ ምት መነሻው የተቆረጠ፣ ጭራው የተዋጠ ይሆናል። ራሱን የሚያስተካክለው የድምፅ መጠንም ሌላ ጣጣ አለው፦ የመጀመሪያው ምት ይጮኻል፣ ተከታዮቹ ይደክማሉ፣ በመካከል ደግሞ የክፍሉ ሹሹታ ከፍ እያለ ይመጣል። የረብሻ ማጥፊያውን፣ የማስተጋባት ማጥፊያውንና አውቶማቲክ የመጠን ማስተካከያውን ሁሉ ዝጉ። በ48 ኪሎኸርትዝ፣ በ24 ቢት፣ በዌቭ ፋይል ቅዱ። ስልኩ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ሌላ መቅጃ ያስፈልጋል፤ በኋላ የሚጠገን ነገር አይደለም።

ማይኩን ኪቦርዱ ባለበት ጠረጴዛ ላይ ማቆም

ቁልፉ በተመታ ቁጥር ጠረጴዛው ይነዝራል፤ ንዝረቱም በማይኩ እግር በኩል ይወጣና «ዱብ ዱብ» የሚል፣ ከኪቦርዱ ያልመጣ ድምፅ ይጨምራል። ማይኩ ወለል ላይ በቆመ መያዣ ይንጠልጠል። ኪቦርዱ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ምንጣፍ የጠረጴዛውን ጩኸት ይቀንሳል። ግን ምንጣፉን አንድ ጊዜ ካነጠፉት በቀረጻው መሀል አያንሱት፤ ግማሹ ቁልፍ አንድ ዓይነት፣ ግማሹ ሌላ ዓይነት ይሆንብዎታል።

ማይኩን ከልክ በላይ ማስጠጋት

ሙሉ ኪቦርድ 44 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት አለው። ማይኩ ከመሀሉ በላይ 10 ሴንቲሜትር ላይ ቢሆን ዳር ያለው ቁልፍ ከማይኩ 24 ሴንቲሜትር ይርቃል፤ ልዩነቱ ወደ 8 ዴሲቤል ይጠጋል። ወደ 30 ሴንቲሜትር ከፍ ሲያደርጉት ያው ቁልፍ 37 ሴንቲሜትር ላይ ይሆናል፤ ልዩነቱም ከ2 ዴሲቤል በታች ይወርዳል። ሲርቁ ደግሞ የክፍሉ ማስተጋባት ይበዛል፤ ስለዚህ ባዶ ግድግዳ ባለበት ክፍል ዙሪያውን ብርድ ልብስ መስቀል ዋጋ አለው።

የመጠን መለኪያውን ማመን

የቁልፍ ምት ጫፍ ጥቂት ሚሊሰከንድ ብቻ ስለሚቆይ ዘገምተኛ መለኪያ አያየውም። መርፌው ዝቅ ብሎ እያለ ጫፉ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። የመነሻውን መጠን በኢንተርና በስፔስ ባር ፈትሹ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም የሚጮኹት እነሱ ናቸው። ጫፋቸው ከዜሮ (መቅጃው ሳይቆርጥ ከሚይዘው ከፍተኛ መጠን) በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ቢቆም በቂ ነው። በ24 ቢት ሲቀዱ ትንሽ ዝቅ ማለት አይጎዳም፤ የተቆረጠ ጫፍ ግን አይመለስም።

መጫንና መልቀቅን በአንድ ፋይል መቅዳት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። አንድን ቁልፍ ተጭነው ለቀው የቀዱት ድምፅ መልቀቂያውንም ይዟል። ፕሮግራሙ ይህን ፋይል ቁልፉ ሲጫን ያጫውተዋል። ተጠቃሚው ሺፍትን ተጭኖ ሁለት ሰከንድ ቢይዝ ጣቱ ገና ቁልፉ ላይ እያለ የመልቀቂያው ድምፅ ይሰማዋል። ፈጥኖ የሚጽፍ ሰው ደግሞ መልቀቂያው ሁልጊዜ በእኩል ርቀት ሲከተል ይሰማል፤ በምን እንደሆነ ባይገባውም ጆሮው ይጠረጥራል።

አቀዳዱ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ቁልፉን በተለመደው የጣት ኃይል ይምቱ፣ አንድ ሰከንድ ይዘው ይቆዩ፣ ከዚያ ጣቱን አንስተው ሌላ አንድ ሰከንድ ጸጥ ይበሉ። ቀስ ብሎ መግፋት አይሠራም፤ ቀስ ተብሎ የተገፋ ቁልፍ ከታች የሚመታበት ድምፅ የለውም። መልቀቁም እንዲሁ ነው፦ ጣቱ ቁልፉን እየተከተለ ቢነሳ የላይኛው ግጭት ይታፈናል፤ ፈጥኖ መነሳት አለበት። ሁለቱን ድምፆች ለየብቻ ቆርጠው አንዱን ከመጫን፣ ሌላውን ከመልቀቅ ጋር ያያይዙ። አይቢኤም ሞዴል ኤም የተባለውን የድሮ ኪቦርድ ድምፅ የሚያስመስለው በክልስፕሪንግ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ሕያው የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው፤ መጫንና መልቀቅን ለየብቻ ያጫውታል፣ ቁልፉንም እንደ ቦታው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያሰማል።

አንድ ድምፅ ለሁሉም ቁልፍ መስጠት

ስፔስ ባር፣ ኢንተር፣ ባክስፔስና ሺፍት ከሥራቸው ስታቢላይዘር (ረጅሙ ቁልፍ ወደ ጎን እንዳያዘነብል የሚይዝ ሽቦ) ስላላቸው ድምፃቸው ጎርነን ይላል፣ አንዳንዴም ይንቀጫቀጫል። የ«ኤ»ን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ለስፔስ ባር መስጠት አያታልልም። እያንዳንዱ በራሱ ይቀዳ። ስፔስ ባር በቀኝም በግራም ጫፉ ሲመታ ስለሚለያይ ከሁለቱም በኩል ይቀዳ።

አንዱን ቁልፍም ቢሆን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ይቅዱት። ያው ፋይል ሲደጋገም፣ በተለይ ባክስፔስ ደጋግሞ ሲመታ፣ መትረየስ ይመስላል። ፕሮግራሙ ከቅጂዎቹ በዕጣ ይምረጥ፤ ሆኖም አሁን ያጫወተውን ወዲያው መልሶ እንዳያነሳ ይከልክሉት። በዚያ ላይ የድምፁን ቅጥነት በ2 ከመቶ፣ መጠኑን በ1 ዴሲቤል ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ስዊቹ የተቀየረ ይመስላል።

ቆርጦ ማስተካከል ላይ የሚፈጸሙ

እያንዳንዱን ፋይል ለየብቻ ኖርማላይዝ ማድረግ (ጫፉን ወደ አንድ ከፍታ ማምጣት) ያጓጓል፤ ሞገዶቹ አምረው ይሰለፋሉ። ውጤቱ ግን መልቀቂያው ከመጫኑ እኩል የሚጮኽበት፣ ኢስኬፕ ከኢንተር ጋር የሚፎካከርበት ኪቦርድ ነው። መጠን ከፍ ማድረግ ካስፈለገ ሁሉንም በአንድ ልክ ከፍ ያድርጉ። ታችኛውን ድምፅ ማጣራትም ከ80 ኸርትዝ በላይ አይሻገር፤ ሰዎች የሚወዱት ያ ወፍራም «ቶክ» የሚገኘው ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ነው።

ሲቆርጡ ከምቱ በፊት 1 ወይም 2 ሚሊሰከንድ ብቻ ይተው፤ መጨረሻውን በ10 ሚሊሰከንድ ያክስሙት። እንደ ሜክቫይብስ ያሉ ፕሮግራሞች ሁሉንም ምት በአንድ ፋይል አስቀምጠው የእያንዳንዱን መነሻና ርዝመት በሚሊሰከንድ ማንበብ ይችላሉ። እዚያ ቁጥሩ ትንሽ ከተሳሳተ የጎረቤቱ ቁልፍ ጭራ ይገባል፤ ስለዚህ በምቶቹ መካከል ጸጥታ ይተው።

ኤምፒ3 ማድረግ

ኤምፒ3 በፋይሉ መነሻ ላይ ባዶ ጸጥታ ይጨምራል፤ በተለመደው አጠቃቀም ወደ 25 ሚሊሰከንድ ሊደርስ ይችላል። ከስለታም ምት በፊትም የሚሰማ ጭጋግ ያስቀድማል። ለዘፈን ምንም አይደለም፣ ለቁልፍ ግን ዕዳ ነው። ዌቭ ወይም ኦግ ይጠቀሙ። የፋይሉ ናሙና መጠንም (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ) ከማጫወቻው ጋር ይስማማ፤ በ44.1 ኪሎኸርትዝ የተቀዳ ሳይቀየር በ48 ቢጫወት ድምፁ ከ8 ከመቶ በላይ ይቀጥናል።

መዘግየትን ከአንድ ቦታ ብቻ መፈለግ

ምቱና ድምፁ ሲለያዩ ጣቱ መጀመሪያ ያውቃል። ስሌቱ ይህን ይመስላል፦ በፋይሉ መነሻ የቀረ 30 ሚሊሰከንድ ጸጥታ፣ የኤምፒ3 25፣ በ48 ኪሎኸርትዝ የ1024 ናሙና በፈር (ድምፁ ከመጫወቱ በፊት የሚጠራቀምበት ማቆያ) 21። አንዱም ብቻውን ከባድ አይደለም፤ ሲደመሩ 76 ይሆናሉ። በፈሩን ወደ 256 ሲያወርዱት ድርሻው ከ6 ሚሊሰከንድ በታች ይሆናል። በብሉቱዝ ማዳመጫ ግን አይፈትኑ፤ እሱ ብቻውን ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ሊያዘገይ ስለሚችል ጥሩውንም ፕሮግራም ጥፋተኛ ያደርገዋል። ዊንዶውስ ላይ ቁልፉን በሚጠልፈው የፕሮግራሙ ክፍል ውስጥ ድምፅ ማጫወትም ጽሑፉን ራሱን ያዘገያል፤ እዚያ መልእክቱን ብቻ አስተላልፎ ማጫወቱን ለሌላ ክር (ጎን ለጎን ለሚሄድ የፕሮግራሙ ሥራ) መስጠት ይሻላል።

ተይዞ የቆየን ቁልፍ እንደ አዲስ ምት መቁጠር

ቁልፍ ተይዞ ሲቆይ ሲስተሙ የ«ተጫነ» መልእክት ደጋግሞ ይልካል። እውነተኛው ኪቦርድ ግን ዝም ይላል። ፕሮግራሙ የተጫኑ ቁልፎችን ዝርዝር ይያዝ፤ ካልተለቀቀ ቁልፍ የመጣን ድግግሞሽ ይለፈው። አዲሱ ምት የቀድሞውን ድምፅ እንዳይቆርጠውም ቢያንስ 16 ድምፆች ባንድ ጊዜ እንዲሰሙ ይፍቀዱ።

የራስን የይለፍ ቃል መቅዳት

ለማወዳደሪያ አንድ አንቀጽ በፍጥነት ጽፎ መቅዳት ጥሩ ልማድ ነው፤ የተመሰለውን ከእሱ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ያዳምጡበታል። ነገር ግን በ2023 የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች አጠገቡ በተቀመጠ ስልክ የተቀዳ የላፕቶፕ ኪቦርድ ድምፅ ተጠቅመው የተመቱትን ቁልፎች በ95 ከመቶ ትክክለኛነት ለይተዋል። ስለዚህ ቀረጻውን ከጀመሩ በኋላ ስክሪኑ ቢቆለፍ መጀመሪያ መቅጃውን ያቁሙ። የቁልፎቹን ድምፅ በየፋይሉ ሰይመው ለሕዝብ የሚለቁ ከሆነማ፣ በዚያው ኪቦርድ የጻፉትን ለሚሰማ ሰው መፍቻውን እየሰጡት ነው፤ ለሥራ የሚጠቀሙበትን ሳይሆን ሌላ ኪቦርድ ይቅዱ።