የአውሮፓና የአረብ አገር መንገደኞችን ማስታወሻ ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሁሉ የሚበዛውና ሌሎቹንም ስህተቶች የሚወልደው፣ መንገደኛው ሁልጊዜ አውሮፓዊ፣ የሚጎበኘውና የሚጻፍበት ደግሞ ሁልጊዜ አረብ ነው ብሎ መነሣት ነው። አህመድ ኢብን ፋድላን ከባግዳዱ ኸሊፋ መልእክተኞች ጋር በቮልጋ ወንዝ ዳር ወደሚኖሩት ቡልጋሮች የተጓዘው በ921 ነው (ዓመታቱ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እዚያ ያገኛቸው ሩስ የተባሉ የሰሜን አውሮፓ ነጋዴዎች አንድ ሹማቸው ሲሞትባቸው አስከሬኑን ከነመርከቡ እንዴት እንዳቃጠሉት በዓይኑ አይቶ የጻፈው ምስክርነት፣ የሰሜን አውሮፓን የጥንት ታሪክ የሚያጠኑ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያገላብጡት ነው። አል-ኢድሪሲም በሲሲሊው ንጉሥ በዳግማዊ ሮጀር ቤተ መንግሥት ሠርቶ የዓለምን ካርታ ከነማብራሪያው በ1154 ጨርሷል። ይህን ሁሉ ትቶ የሁለቱን ወገኖች መተዋወቅ ናፖሊዮን በ1798 ግብፅ ከገባበት ጊዜ የሚጀምር ሰው፣ መጽሐፉን ከመካከሉ ገልጦ እንደሚያነብ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የመንገደኛውን መገረም እንደ አላዋቂነት መቁጠር ነው። ሪፋዓ አል-ታህታዊ፣ የግብፁ ገዥ ሙሐመድ አሊ በ1826 ወደ ፓሪስ ለላካቸው ተማሪዎች ኢማም ሆኖ የሄደ የአል-አዝሃር (የካይሮው የእስልምና ትምህርት ማዕከል) ሊቅ ነበር። ማርሴይ ደርሰው ኳራንቲን በገቡ ጊዜ፣ የአገሩ ሰው መሬት ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ መቀመጥን ስለማያውቅ መቶ ያህል ወንበር እንደቀረበላቸው፣ በየሰዉም ፊት ሳህን፣ ቢላዋ፣ ሹካና ማንኪያ እንደተደረደረ አንድ በአንድ ጽፏል። ከተማው ውስጥ ቡና ቤት በገባ ጊዜም በግድግዳው መስታወት የሚታየው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ መንገድ ላይ ያለ መስሎት እንደነበር ይተርካል። ይህችን ታሪክ ብቻ መዝዘው የሚስቁ አሉ። ይኸው ሰው ግን የፈረንሳይን ሕገ መንግሥት አንቀጾች ወደ አረብኛ መልሶ ያብራራ፣ የ1830ውን አብዮት ፓሪስ ላይ ሆኖ የተከታተለ፣ አገሩ ሲመለስም በካይሮ የቋንቋዎች ትምህርት ቤትን የመራ ነው። ወንበሩንና ሹካውን በዝርዝር የገለጸው ካይሮ ላለው አንባቢው እንግዳ ስለነበረ እንጂ፣ እሱ የሚያስተውለው ሌላ ነገር ስላልነበረ አይደለም።

ሦስተኛው፣ መንገደኛው ብቻውን የተጓዘና ብቻውን ያወቀ ይመስል፣ የመራውን፣ ያስተረጎመለትንና የነገረውን ሰው መርሳት ነው። ስዊዘርላንዳዊው ዮሐን ሉድቪግ ቡርክሃርት በ1812 በዛሬዋ ዮርዳኖስ ያለችውን ጥንታዊት የፍርስራሽ ከተማ ፔትራን ለአውሮፓ ባስተዋወቀ ጊዜ፣ ሼክ ኢብራሂም ተብሎ፣ በነቢዩ ሃሩን (አሮን) መቃብር ፍየል ልሠዋ ተስያለሁ ብሎ ነበር የገባው። የአካባቢውን ሰው መሪ አድርጎ የቀጠረው በአንድ ጥንድ አሮጌ የፈረስ ጫማ ሲሆን፣ መሪውም እንግዳው ከመንገድ እየወጣ ፍርስራሹን ሲመረምር አይቶ ሀብት ፍለጋ የመጣ ነው ብሎ ጠርጥሮታል። ይህን የምናውቀው ራሱ ቡርክሃርት ስለጻፈው ነው፤ ሁሉም ግን እንደ እሱ አይጽፍም። የአላዲንንና የአሊባባን ተረቶች በ1709 ፓሪስ ላይ የአንድ ሺህ አንድ ሌሊት ተረቶችን ወደ ፈረንሳይኛ ለተረጎመው ለአንትዋን ጋላን የነገረው የሐለቡ (የአሌፖው) ሐና ዲያብ በጋላን የግል ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ቢገኝም፣ ታትመው በወጡት ቅጾች ግን ስሙ የለም። ወደ እኛም አገር ስንመጣ፣ በአልጀርስ ቆንስል ሆኖ የቆየውና በጅዳና በምጽዋ በኩል ጎንደር የገባው ጀምስ ብሩስ፣ አብሮት የመጣውንና እዚሁ የሞተውን ጣሊያናዊ ሰዓሊ የሉዊጂ ባሉጋኒን ድርሻ ሸሽጓል። ስለ ብሩስ በአማርኛ የምንጽፍ ሁሉ ባሉጋኒን ብንጠቅስ ተገቢ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው፣ ዘመኑን በሙሉ ወይ ጦርነት ወይ ፍቅር አድርጎ መሳል ነው። የአንዳሉሲያው (በሙስሊሞች ሥር የነበረው የስፔን ክፍል) ኢብን ጁበይር በ1183 ከግራናዳ ለሐጅ ሲነሣ ከሴውታ እስከ እስክንድርያ ያሻገረችው የጄኖዋ ክርስቲያኖች መርከብ ናት። በ1184 ከደማስቆ የመስቀል ጦረኞች ወደያዟት አካ ሲወርድ የሙስሊሞቹ መሪ ሳላሃዲን የመስቀል ጦረኞቹን የከረክ ምሽግ ከብቦ ነበር፤ የነጋዴው ቅፍለት ግን በሁለቱ ጦሮች መካከል እንደወትሮው ይመላለስ ነበር። በአካ የጉምሩክ በር ላይ ክርስቲያን ጸሐፊዎች ምንጣፍ በለበሰ የድንጋይ መደብ ተቀምጠው፣ በወርቅ ካጌጠ የዞጲ ቀለም ቀንዳቸው እየጠቀሱ በአረብኛ ሲመዘግቡ አይቷል። በፍራንኮች (በመስቀል ጦረኞቹ) ሥር ያሉት ሙስሊም ገበሬዎች ከምርታቸው ግማሹን ቢገብሩም፣ በገዛ ወገኖቻቸው ሥር ካሉት የተሻለ ኑሮ እንዳላቸው አዝኖ ጽፏል። ይኸው ሰው አካን ይረግማታል፤ ሙስሊም ሊኖርባት እንደማይገባም አጥብቆ ይናገራል። ስለ መቻቻል የሚጽፉ ሙገሳውን፣ ስለ ጠላትነት የሚጽፉ እርግማኑን እየነጠሉ ይጠቅሱታል። ሁለቱም ከአንድ ብዕር በጥቂት ገጾች ልዩነት የወጡ ናቸውና፣ አንዱን ቆርጦ ሌላውን መያዝ ምስክሩን ያላለውን ማናገር ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ መርከቡ መሲና ወደብ አጠገብ ስትሰበር የሲሲሊው ንጉሥ ዊልያም በሥፍራው ተገኝቶ ገንዘብ የሌላቸውን ሙስሊም መንገደኞች መርዳቱንም ያለማመንታት መዝግቦታል።

አረብ ሁሉ ሙስሊም ነው ማለትም ሊቀር ይገባል፤ ሐና ዲያብ ማሮናዊ (የሶርያና የሊባኖስ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ተከታይ) ክርስቲያን ነበር። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ያሉ አውሮፓውያን ጸሐፊዎች በኦቶማን ግዛት ያገኙትን ሙስሊም ሁሉ፣ አረብም ቢሆን፣ ብዙ ጊዜ ቱርክ ስለሚሉት፣ ሰውየው ማን እንደሆነ ከቦታውና ከቋንቋው ማጣራት ያስፈልጋል።

በመጨረሻም የዘመን ስሌት አለ። የሂጅራ (በጨረቃ የሚቆጠረው የእስልምና) ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር፣ 33 የሂጅራ ዓመታት 32 የፀሐይ ዓመታት ገደማ ናቸው፤ ስለዚህ እንደ እኛና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሰባት ወይም ስምንት በመቀነስ ብቻ አይሰላም። የኢብን ጁበይር መርከብ የተሰበረችው በረመዳን 580 ሂጅራ ነው። ይህም በአውሮፓ ታኅሣሥ 1184፣ በእኛ 1177 ዓ.ም. ይሆናል። ወሩ ካልተያዘ በቀር አንድ ዓመት ወዲህ ወይም ወዲያ መሳት የማይቀር ስለሆነ፣ ከአረብኛ ምንጭ ዓመት ሲቀዳ ወሩንም አብሮ መቅዳት ያስፈልጋል።